ሬንደር ላይ ብቻ ተቀምጬ አርክቴክት መሆን እችላለሁ?

ሰማያዊ እርሳስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አርክቴክቸር ተመርቄ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ኮንሰልቲንግ ቢሮ ውስጥ ጁኒየር ዲዛይነር ሆኜ እየሰራሁ ነው። ስራ ማግኘቴ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ አብረውኝ ተመርቀው እስካሁን ሲቪ ይዘው የሚዞሩ ልጆች አሉ። ግን አንድ ሐሳብ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቢሮ ከገባሁ ጀምሮ የምሰራው ሬንደር ነው፤ ሕንጻው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ የኮምፒውተር ምስል ማለቴ ነው። ሲኒየሮቹ ፕላኑን ጨርሰው ይልኩልኛል። ስኬችአፕ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ አነሳዋለሁ፣ ሉሚዮን በሚባለው ላይ ደግሞ ዛፍና ሰው እጨምርበታለሁ፣ ሰማዩን አሳምራለሁ። ደንበኛው ያየዋል፣ ይወደዋል፣ ይፈርማል። ከዚያ ወዲያ ያ ሕንጻ የት እንደደረሰ አላውቅም። ወርኪንግ ድሮዊንጉን፣ ግንበኛው የሚሰራበትን ዝርዝር ንድፍ፣ የሚሰራው ሌላ ሰው ነው። ሳይት የሚሄደውም ሌላ ሰው ነው። ባለፈው በታክሲ ሳልፍ ሬንደሩን የሰራሁለትን አንድ ጂ+4 አየሁት። ፊት ለፊቱ ላይ የነበረው የእንጨት መከለያ የለም። በቦታው ሰማያዊ መስታወት ገብቷል። ማን እንደቀየረው፣ ለምን እንደቀየረው የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

አሁን ደግሞ ቦሌ ያለ ሌላ ቢሮ ለሬንደር ብቻ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ደመወዙ አሁን ከማገኘው በጣም ይሻላል። የቤት ኪራይ ነገር የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። እናቴ «ሲሳይሽን አትግፊ» ትለኛለች። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው የሰው መኖሪያ የሚሆን ቤት መስራት ነው።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ምከሩኝ። ልሂድ ወይስ ልቆይ?

ቱምቢ፦

እህቴ፣ ቢሮዬ የሚመጡ ልጆችም ይሄንኑ ነው የሚጠይቁኝ። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሬንደርን አልንቅም። ደንበኛ ፕላን ማንበብ አይችልም፤ ምስል ግን ይገባዋል። ጥሩ ሬንደር የሚሰራ ልጅ ያለው ቢሮ ስራ አያጣም። ነገር ግን ሙያው የሚጀምረው ሬንደሩ ካለቀ በኋላ ነው። ደረጃን ብቻ እንውሰድ።

እዚህ አገር ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ሆኖ የተሳለ ፎቅ ብዙ ጊዜ አይተሻል። ለምን 3.06 እንደሆነ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? 17 ሴንቲ በ18 እርከን ሲባዛ ነው። ጀማሪ ዲዛይነር ይሄን ከስላብ እስከ ስላብ፣ ማለትም ከኮንክሪት ወለል እስከ ኮንክሪት ወለል፣ እኩል ይከፍልና ጨረስኩ ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም ልክ ነው። ሳይት ላይ ግን ወለሉ ሊሾና ሴራሚክ ይጫንበታል፤ 8 ሴንቲ እንበል። እርከኑ ላይ ደግሞ ማርብል ከነሞርታሩ ይነጠፋል፤ 5 ሴንቲ ይሁን። ልዩነቱ 3 ሴንቲ ነው። ያቺ 3 ሴንቲ ጠፍታ አትቀርም። የመጀመሪያዋ እርከን 14 ትሆናለች፣ የመጨረሻዋ ደግሞ 20፤ መሀል ያሉት 17 ናቸው። እግር አንዴ የለመደውን ልክ ነው የሚጠብቀው። ሰው የሚደናቀፈው እዚያች መጨረሻዋ ላይ ነው። ዕቃ የተሸከመ ሰው፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ መብራት በጠፋበት ምሽት የሚወርድ ሽማግሌ።

ይሄ ሬንደር ላይ አይታይም። የሚያሳይሽ ፎርማኑ ነው፤ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) ተገጥሞ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት «እዚህ ጋ ፊኒሺንጉ ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ። መልስ ከሌለሽ እሱ በራሱ ይወስናል። ሕንጻው ውስጥ ለዘላለም የሚኖረው የሱ ውሳኔ ነው።

ሌላው ነገር የባለሙያነት ምዝገባው ነው፤ ደረጃ አለው። አሁን ግራጁዌት ነሽ። ቀጥሎ ፕራክቲሲንግ ይመጣል፣ ከዚያ ፕሮፌሽናል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያወጣሽ የስራ ልምድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻን በሦስት ምድብ ነው የከፈለው። በዚያ አዋጅ ከ12 ሜትር በላይ የሆነውና የሕዝብ መገልገያው ምድብ ሐ ውስጥ ነው የገባው። ያየሽው ጂ+4 ራሱ አምስት ወለል ነው፤ 3.06 በ5 ብታበዢው 15 ሜትር ያልፋል። በዚያ አከፋፈል መሀል ከተማ ውስጥ የምትሰሪው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ምድብ ነው። አንድ ቀን በራስሽ ስም ትፈርሚበታለሽ። ስትፈርሚ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ያለውን ታውቂዋለሽ ማለት ነው።

ቦሌ ሂጂ ወይም አትሂጂ አልልሽም። ግን የትም ብትሆኚ ወርኪንግ ድሮዊንግ ሳትሰሪ ዓመት እንዳያልፍሽ።

ፒክስል፦

ጋሽ ቱምቢ ስለ ደረጃው ያሉት ልክ ነው። «ሙያው የሚጀምረው ሬንደሩ ካለቀ በኋላ ነው» ያሉትን ግን አልቀበልም። እኔ ኑሮዬን የምመራው በሬንደር ነው፤ ከተለያዩ ቢሮዎች በፍሪላንስ እወስዳለሁ። ሬንደር በደንብ ከተሰራ የዲዛይን ስራ ነው።

ብዙ ልጅ ጥላው እንዲያምርለት ብሎ ሶፍትዌሩ ላይ ያለችውን ፀሐይ በማውስ ወደፈለገበት ይጎትታታል። እስቲ ቦታውን አዲስ አበባ አድርጉና ወርና ሰዓት አስገብታችሁ እዩት። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ናት፤ ከአናት 14 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብላ። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ትሄዳለች፤ ከአናት 32 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። የፈረንጅ መማሪያ ላይ «ሰሜን ፀሐይ አያገኝም» የሚለው ለኛ አይሰራም። በሁለቱም በኩል ግን ከፍ ብላ ስለምትመጣ ከመስኮቱ በላይ ያለች አጭር መከለያ ትበቃታለች።

የሚያስቸግረው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ በምዕራብ የምትገባው ፀሐይ ዝቅ ብላ ቀጥታ ጠረጴዛ ላይ ነው የምታርፈው። የላይ መከለያ አይመክታትም፤ የቆመ መከለያ ነው የሚፈልገው። እህቴ፣ የእንጨት መከለያ የነበረበት ፊት ወዴት ነው የሚያየው? ወደ ምዕራብ ከሆነ ያ መከለያ ጌጥ ብቻ አልነበረም። አሁን እዚያ መስታወት ኋላ የሚቀመጡ ሰዎች ከሰዓት በኋላ መጋረጃ ዘግተው መብራት አብርተው ነው የሚሰሩት።

እኔ እንዲህ ያለውን በየሰዓቱ ሬንደር አድርጌ ሳሳይ ዲዛይኑ ተቀይሮ ያውቃል። ሲኒየሩም ደንበኛውም በአንድ ጊዜ ነው የገባቸው። ስለዚህ ቦሌ ከሄድሽ «ሥዕል አሳማሪ» ሆነሽ አትቀመጪ። ፀሐይዋን ልክ አድርጊና በሷ ተከራከሪ።

ብሎኬት፦

ሳይት ኢንጂነር ነኝ። መከለያው እንዴት እንደጠፋ ሳላየው ልንገርሽ፤ እኛ ጋ ሁልጊዜ የሚሆን ነገር ነው።

ድሮዊንጉ ላይ መከለያው በስም ብቻ ነው ያለው። እንጨቱ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ውፍረቱ፣ በምን ብረት እንደሚታሰር፣ ዝናቡ ከኋላው በየት እንደሚወርድ አልተሳለም። ቢኦኪው (የስራው መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ላይ «የእንጨት መከለያ፣ በካሬ» ተብሎ በአንድ መስመር ይገባል። ኮንትራክተሩ በግምት ዋጋ ይሞላል። ጊዜው ሲደርስ ዋጋው ንሯል። ባለቤቱ ማከራየት ስለሚፈልግ ቸኩሏል። አሉሚኒየም ሰሪው መጥቶ «ቶሎ ነው የማደርስላችሁ» ይላል። በዚያ ሰዓት አርክቴክት ሳይት ላይ ቢኖር ቢያንስ «እንጨቱ ካልሆነ በብረት እንስራው፣ ክፍተቱ ግን ይቆይ» ብሎ ያተርፈው ነበር። ማንም ስለሌለ መስታወት ገባ።

እና እኛን ክፉ አድርጋችሁ አትዩን። ከዲዛይን ቢሮ መጥቶ የሚጠይቀን ሰው ስናገኝ ደስ ነው የሚለን። አንዳንዱ ልጅ ሲመጣ ጫማው እንዳይቆሽሽ በር ላይ ቆሞ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ሌላዋ ደግሞ ስካፎልዲንግ ላይ ወጥታ ከአናጺው ጋር ተከራክራ ትወርዳለች። እሷ ስትደውል ስልክ እናነሳለን።

የፒያሳ ልጅ፦

እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። ቢሮው ሳይት ባይልክሽም መሀል ከተማው ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ሜትርና ደብተር ይዘሽ ቅዳሜ ከሰዓት ውጪ።

ቢሮሽ ሜክሲኮ ከሆነ በእግርሽ ብዙ ቦታ ትደርሻለሽ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንጻ የፈረንሳዊው አርክቴክት የአንሪ ሾሜት ስራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከተመረቀው ከባንኩ አዲስ ረጅም ሕንጻ ጋር አስተያዪው። ሁለቱም መንገዱን እንዴት እንደሚቀበሉት እዪ፤ በር የቱ ጋ ነው፣ እግረኛ የት ይጠለላል፣ ወለሉ ከእግረኛ መንገዱ ስንት እርከን ከፍ ብሏል። ከዚያ ወደ አፍሪካ አዳራሽ ውረጂ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ እድሳቱ አልቆ ተከፍቷል። የዚያን ዘመን ሕንጻ እንዴት ተጠብቆ እንደሚታደስ ማየት ለኛ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚህ ከተማ የለመድነው አፍርሶ መጀመር ነው። ማዘጋጃ ቤቱም የሜዜዲሚ ነው። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ፍል ውሃ ደግሞ የዛልማን ኤናቭና የሚካኤል ቴድሮስ ስራዎች ናቸው። ሚካኤል ቴድሮስን ያነሳሁት ብዙ ተማሪ ስለማያውቃቸው ነው። የኛ ሰው ያኔም እዚህ መሀል ከተማ ላይ ነድፏል።

ስትለኪ ትልቁን ብቻ አትለኪ። ጣይቱ ሆቴል ሂጂና በረንዳውን እዪ። የድሮ የፒያሳ ቤት በረንዳ ለምን ጥልቅ እንደሆነ ቆመሽ አስቢበት። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ የክረምት ዝናብ ከነካው ይቦረቦራል። ስለዚህ ጣሪያው ወደ ውጭ ይወጣል፣ የእንጨት ምሰሶ ይይዘዋል፣ ታች ደግሞ ድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ከፍ ይላል። ሦስቱም አንድ ላይ ለአንድ ጭቃ ግድግዳ የቆሙ ናቸው። በረንዳው ላይ ቡና መጠጣት፣ ከጎረቤት ጋር ማውራት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን አንዴ በእጅሽ ለክተሽ ከሳልሽው ያንቺን የእንጨት መከለያ ዝርዝር ንድፍ ለመስራት ሌላ አስተማሪ አያስፈልግሽም።

ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲነሳ እኔና ጓደኞቼ ለክተን የደረስንበት ጥቂቱን ቤት ነው። ካዛንቺስ ሲነሳም እንደዚያው። አሁንም ሳስበው ያመኛል። የቀሩት ቆመው ሳሉ የሚለካ ሰው ያስፈልገናል፤ ከሰዓት በኋላ ነፃ የሆነ ካለ ይጻፍልኝ።

ሰማያዊ እርሳስ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ጋሽ ቱምቢ፣ ደረጃውን እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ፒክስል፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፤ ፋይሉን ከፍቼ አረጋገጥኩ።

የፒያሳ ልጅ፣ እኔም አለሁ። እኛም የተነሳነው ከካዛንቺስ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ሜትር አለኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። አሁን ያለሁበት ቢሮ ማታ ማታ ያስመሸናል። ውድድር ወይም ማስረከቢያ ሲኖር እስከ ሌሊት ነው፤ እሁድም እንገባለን። የትርፍ ሰዓት የሚባል ነገር አይነሳም። «ስትማሩም እንዲህ ነበር» ይባላል። ይሄ ልማድ ስለሆነ ዝም ልበል?

ግልጽ ውል፦

ዝም አትበይ። እኔ የምሰራው በሰው ኃይል በኩል ነው፤ የዲዛይን ቢሮዎችን ጉዳይ አውቀዋለሁ።

አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን የስራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው ያደረገው። ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ በአንድ ተኩል፣ ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በእረፍት ቀን በእጥፍ፣ በበዓል ቀን በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። አርክቴክት ስለሆንሽ የሚቀር ነገር የለም።

ከዚህ በላይ የማስጠነቅቅሽ ግን ስለ ልምድ ደብዳቤ ነው። ወጣቶች በዚህ በጣም ይጎዳሉ። ቢሮው ደመወዝሽን በእጅ እየሰጠሽ ከሆነ፣ የስራ ግብር ካልተከፈለበት፣ ነገ ለምዝገባ ስትሄጂ ያ ጊዜ እንዳልሰራሽ ሊቆጠር ይችላል። ጡረታሽም መግባት አለበት፤ 7 በመቶ ካንቺ፣ 11 በመቶ ከአሰሪው። የቦሌው ቢሮ ከፍ ያለ ደመወዝ ሲልሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው «በፔሮል ነው?» ብለሽ ነው፤ ግብርና ጡረታ በሚቆረጥበት የደመወዝ መዝገብ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ውሉ ላይ የስራ መደብሽ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ እዪ። «ግራፊክስ ባለሙያ» ካሉሽ የልምድ ደብዳቤሽም እንደዚያው ነው የሚወጣው። «አርክቴክት» ወይም «ጁኒየር አርክቴክት» ይሁን፤ ዝርዝሩም የሰራሽባቸውን ፕሮጀክቶች ይጥቀስ።

አንድ ሌላ አደጋ አለ። የምዝገባ ወረቀትሽን «እናስቀምጠው፣ በየወሩ እንከፍልሻለን» የሚሉ ድርጅቶች አሉ። ፈቃዳቸውን ለማሟላት ነው። አንዴ ከሰጠሽ በማታውቂው ስራ ላይ ስምሽ ይገባል። የሆነ ነገር ሲደረመስ የሚፈለገው ያ ስም ነው። በምንም ዋጋ አትስጪ።

አባወራው፦

አርክቴክት አይደለሁም፤ ቤት ያሰራሁ ሰው ነኝ። የደንበኛም ድምፅ ይሰማ ብዬ ነው።

ዲዛይነሩ ያሳየኝ ሬንደር ያማረ ነበር። ወጥ ቤቱ ከሳሎን ጋር የተያያዘ፣ ነጭ ካቢኔት፣ መሀሉ ላይ ረጅም ጠረጴዛ። ባለቤቴ አይታ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ «ምጣዱስ?» አለች። ልጁ ስቶቩን አሳያት። እሷ የምትለው የእንጀራ ምጣድ ነው። በሳምንት የምትጋግር ሴት እንፋሎቱ የት ይውጣ፣ ሊጡ የት ይቀመጥ፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው ሶፋው ላይ አይገባም ወይ ነው ጥያቄዋ። ቤቱ በተሳለበት ጊዜ ይሄን የጠየቀን ሰው አልነበረም። አሁን ጓሮ ላይ በቆርቆሮ የተሰራ ማዕድ ቤት አለን። ዋናው ወጥ ቤት ሻይ ማፍያ ሆኗል።

ልጄ፣ ሬንደር የምትሰሪ ከሆነ እባክሽ ያ ምስል ላይ ምጣዱን አስገቢው። ውሃ የምናስቀምጥበትን በርሜልም አስገቢው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ነው የምንኖረው። ሰው ምስሉ ላይ ቤቱን ካገኘው ያኔ ነው «ይሄ ጋ ጠቧል፣ ይሄ ጋ ይስፋ» ብሎ በጊዜ የሚነግራችሁ።

ሦስተኛ ዓመት፦

ልደታ ነኝ፣ ሕንጻ ኮሌጅ። አንድ አጭር ጥያቄ ለጋሽ ቱምቢ። ከንድፍ ሶፍትዌሮቹ አርኪካድ ልያዝ ወይስ ሬቪት? ጓደኞቼ በሁለት ተከፍለዋል።

ቱምቢ፦

ልጄ፣ አንዱን ያዝ፣ ግን በደንብ ያዝ። አንዱን የቻለ ሌላውን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም። ቢሮዎች ጋ ሁለቱም አሉ፤ አውቶካድ ግን የትም ይጠየቃል። ከሶፍትዌሩ በፊት ግን አንድ ሴክሽን (ሕንጻው ለሁለት ተቆርጦ ሲታይ) በእጅህ ሳል፤ ከመሠረት እስከ ኮርኒስ፣ ስኬል 1 ለ 20። ያልገባህ ቦታ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል።

ፒክስል፣ የፀሐዩን ነገር ተቀብያለሁ። ሬንደር እንዲህ ከተሰራ ከዲዛይኑ በፊት መምጣት ያለበት ነገር ነው። ቢሮዬም በዚህ መንገድ እንዲሰራ ለልጆቹ ነገ እነግራቸዋለሁ። እህቴ፣ አባወራው የጻፉትን ደግመሽ አንብቢው። ምጣዱን የጠየቀችው ሴት የዲዛይን ስብሰባው ላይ ከነበሩት ሁሉ የተሻለ ጥያቄ ነው የጠየቀችው።

ሰማያዊ እርሳስ፦

የሆነውን ላሳውቃችሁ። የቦሌውን ቢሮ «በፔሮል ነው? መደቡስ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ብዬ ጠየቅኩ። ግልጽ መልስ አልሰጡኝም። እስካሁንም አልደወሉም።

ከአለቃዬ ጋርም ተነጋገርኩ። ያንን ጂ+4 በወሩና በሰዓቱ ሬንደር አድርጌ አሳየሁት፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ጠረጴዛዎቹ ላይ ፀሐይዋ እንዴት እንደምታርፍ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ አሁን እየተሰራ ባለ አንድ ጂ+2 መኖሪያ ቤት ላይ የደረጃውንና የወጥ ቤቱን ወርኪንግ ድሮዊንግ እንድሰራ ሰጠኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ ሳይት እንድሄድም ተስማማን። ሬንደሩም አብሮ ይቀጥላል። የትርፍ ሰዓቱን አንስቻለሁ፤ «እናየዋለን» ብሎኛል። በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ደመወዙ ግን ያው ነው፣ ኪራዩም ያው ነው፤ እናቴ አልተደሰተችም። እኔ ግን መቆየትን መርጫለሁ።

ሐሙስ የመጀመሪያዬ ነው። የደረጃው ካሳፎርማ ተጀምሯል። ብሎኬት፣ ምን ይዤ ልምጣ? ምን ልጠይቅ?

ብሎኬት፦

ጎበዝ! ጠንካራ ጫማ አድርጊ፣ ሄልሜት ከሌለሽ በር ላይ ጠይቂ። የራስሽን 5 ሜትር ያዢ፤ የሰው ሜትር ጫፉ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ድሮዊንጉን በኤ3 አትሚና እርሳስ ይኑርሽ።

ስትደርሺ መጀመሪያ ለፎርማኑ ሰላም በይ፣ ስሙን ጠይቂ። ከዚያ የታችኛው ወለል ፊኒሺንግ ስንት እንደታሰበ፣ የላይኛውም ስንት እንደሆነ፣ የእርከኑ ማርብል ከየት እንደሚመጣና ውፍረቱ 2 ይሁን 3 ሴንቲ ጠይቂ። ባለቤቱ ገና አልገዛውም ይሉሻል፤ ያኔ ውፍረቱን ወስነሽ ሳይት ቡኩ (የግንባታ ቦታው መዝገብ) ላይ ጽፈሽ አስፈርሚ። ቀጥሎ ካሳፎርማው ላይ የመጀመሪያዋንና የመጨረሻዋን እርከን ራስሽ ለኪ። ከድሮዊንግሽ ጋር ካልተስማማ እዚያው ላይ አናጺውን ጥሪው፤ ለማስተካከል ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ያለው ጊዜ በቂ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሺ፤ ከሰዓት በኋላ ሰው ይበታተናል።